የትራሙንታና ብድር

በጥር ነው የጻፈልኝ፦ "ውድ ማርጋሊዳ" ብሎ፣
የእግሩን ቁመት በሴንቲ ለክቶ፣ ስድስቱን ቀን ከፋፍሎ።
"ሁለት ቀላል ብስክሌት፣ ጎማው ቀጭን ይሁን፤
ሰኞ ደቡብ ወደቡን፣ ማክሰኞ ተራራውን..."
የሚያርፍበትን ካፌ፣ የሚበላውን የአልሞንድ ኬክ ሳይቀር
ጽፎት ነበር።

ሚያዝያ ላይ መጣ ሄኒንግ፤ ቢርጊትም ከኋላ፣
አዲሱን የራስ ቁር በክንዷ አንጠልጥላ።
ፔዳሉን አጠበቅሁ፣ ጎማውን ነፋሁት፣
ፍሬኑን ሁለቴ ጨብጬ ሞከርሁት፤
ካርታውን አየሁና "ሁሉም አለ" አልሁት፣
"ነፋሱን ግን የት ጻፍኸው?"

ሳቀ።

"ትራሙንታና ጠዋት ከጀርባህ እየገፋ ያበድርሃል፣
ጉልበቱ የራስህ ይመስልሃል፤
ማታ ፊትህ ላይ ቆሞ ከነወለዱ ያስከፍልሃል።
እኛ የፖዬንሳ ሰዎች
ዕዳችንን በጠዋት ነው የምንከፍል።"

እሱ ሰኞ ነው ብሎ ወደ ደቡብ በረረ፣
ሰንሰለቱ እንደ ፌንጣ እየተንጫረረ።
ቢርጊት ግን ቆም አለች፤
ካርታውን አጥፋ ኪሷ ከተተች፣
እጀታውን ወደ ሰሜን አዞረች።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ እያፏጨች ደረሰች፤
ከኮርቻው ሳትወርድ ውኃ ጠየቀች።

አሁን መሽቷል።
የሱቁ መዝጊያ ሰዓት አልፏል።
እሷ ደረጃው ላይ ብርቱካን ትልጣለች፣
ግማሹን ለእኔ፣ ግማሹን ለእሱ ታስቀምጣለች፤
እኔም መብራቱን አላጠፋሁም።