ያው ቢላ

ከቀሃ ድልድይ ላይ ቆሞ ሽቅብ ላየ
የእኛ ግቢ በር ነው፣ በዘንባባ የተለየ።
ሁለት ናቸው፤ አባቴ አዛናው ሲተክላቸው
“ለልጄ፣ ለልጄ” ብሎ የሰየማቸው፤
ግራው የእኔ፣ ቀኙ የእህቴ የውባለም፣
ሃምሳ ክረምት ቆመው ያጎነበሱበት ቀን የለም።

ዘንድሮ በነሐሴ፣ ዝናቡ ሲያበረታ፣
ከእኔው ቅጠል ላይ ጥቁር ነጥብ አየሁ አንድ ማታ።
ዝንብ መስሎኝ እፍ አልኩት፤
አልበረረም። በጥፍሬ ፋቅሁት፤
ሲነኩት ይሻክራል፣
እንደ እርድ ቢጫ ዱቄት ጣት ላይ ይቀራል።

ጎረቤት ምክር አይነፍግም።
አንዷ “አመድ ነስንስ” አለችኝ፣
አንዱ “ዓይን ነው፣ ቀይ ጨርቅ እሰር” አለኝ፤
አቶ ቢምረው ደግሞ፣ ጡረተኛው ሾፌር፣
“የተቃጠለ ዘይት አፍስስበት ከሥር!”
እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣
ግማሽ ጀሪካን አፍስሼ ነበር።

ከማራኪ የመጣችው የዕፀዋት ሐኪሟ
ትርንጎ ነው ስሟ።
ቦት ጫማዋ ጭቃ፣ አንገቷ ላይ አጉሊ መነጽር፤
“ይህን ዘይት ማን አፈሰሰው?” ስትል
እኔ የቀሃን ሙላት አያለሁ፣ ያልሰማ ስመስል።

“ይኼኛው ሻጋታ ነው፤ ይድናል።
የታችኛው ቅጠል ተቆርጦ፣ ርቆ ይቃጠል።
ከላይ አታርከፍክፍ፣ ሥሩን አጠጣ በጧት፤
ማታ ቅጠል የሚያጥብ ሰው፣ ለሻጋታ ያቀርባል እራት።
ሰማያዊ የመዳብ ጨው ከኖራ ጋር በጥብጥና ርጭ።”
ኖራ!
ግንቡን ያቆመ፣ ድንጋይ ከድንጋይ ያስታረቀ፣
ለቅጠልም መድኃኒት መሆኑን ማን አወቀ?

ሻይ ልጥራት ስል ወደ ውባለም ዘንባባ ዞረች፤
ጎንበስ አለች።
ከግንዱ ሥር፣ ካፈሩ ስንዝር ከፍ ብሎ
የጅብ ጥላ በቅሏል፣ እንደ መደርደሪያ ተንጠልጥሎ፤
ጠርዙ ነጭ፣ ጀርባው እንደ ተወለወለ ጫማ።
(ጌጥ መስሎኝ ለእንግዳ አሳይ ነበር አምና።)
በመዶሻ እጀታ ግንዱን ኳ! አደረገች፤
እንደ ባዶ እንስራ መለሰላት። ዝም አለች።

“ለዚህስ?”
“ለዚህ መድኃኒት የለውም። ያየኸው ፍሬው ነው፤
እሱ ብቅ ካለ ወዲያ፣ ውስጡ ያለቀ ነው።”
ቅጠሉ ግን አረንጓዴ ነበር።
አዘዞ ደውዬ “ያንቺን ልቆርጠው ነው” ብዬ እንዴት ልናገር?

ስትሄድ፣ በሩ ላይ ቆመች። “በምን ነው የምትቆርጡት?”
“በቢላ።”
“ባንድ ቢላ?”
በየሆሳዕናው ደብሩ በሙሉ እኛው ግቢ ይመጣል፣
ለጣቱ ቀለበት፣ ለግንባሩ መስቀል፤
ከእኔው ቆርጦ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ጎረቤት፣
ማን ያብሰዋል ቢላን፣ ለበረከት?
ሃምሳ ዓመት በረከት ያደለ ያው ያባቴ ቢላ
ነጥቡንም አብሮ ሲያድል ኖሯል ለካ።

በጥቅምት ቆረጥነው። መጋዙን እንደ እርጥብ ዳቦ ዋጠው።
ውባለም መጣች፤ ጉቶው ላይ ተቀምጣ
“ይኸው፣ ልቤ ባዶ ነው” ብላ ሳቀች።
ከዚያ ብዙ ቆየች።
ጉቶውን ነቀልን፣ ሥሩን ለቅመን አቃጠልን፤
“በዚህ ጉድጓድ ዘንባባ እንዳይደገም” ተብለን
ትርንጎ ተከልን።
(የስሙን ነገር እህቴ አንሥታ ስቃብኛለች፤
መልስ የለኝም።)

የሆሳዕና ዋዜማ ሰው መጣ።
የእኔው ሦስት አዲስ ቅጠል አውጥቷል፣ ነጥብ ያጣ።
ከበሩ ባልዲ አኖርኩ፣ በረኪና የተበጠበጠበት፤
“አንድ አንድ ዘለላ ውሰዱ፤ ቢላውን ግን ንከሩበት።”
መሪጌታ ልሳነወርቅ ሦስቴ ነከሩ፣ በሥላሴ ስም፤
አቶ ቢምረው “ዘይቱ ይሻል ነበር” አለ፣ አልተወኝም።

በማግስቱ ሕዝቡ ዘንባባ ይዞ ደብሩን ሲዞር
ከዚያ ሁሉ መሀል የእኛውን ለየሁት።
በምን?
በሽታው።
በረኪና በረኪና ይል ነበር።