የዙለይካ ፈተና

አምና በሰሌዳው ፊት ስትፈተን ቆማ፣
ከ«ሀ» እስከ «ፐ» አወረደችው እንደ መንዙማ፤
ሰሌዳውን ገልብጬ «ቀጥዪ» ብላት፣
ቀጠለች ያለ አንድ ስህተት።

«ዘንድሮ ሰሌዳው ይቅር» አልኩ፤ ቅጹን ያዝኩ በብብቴ፣
በሂርማታ ጭቃ ተከተልኳት፣ እናቴን እንደ ልጅነቴ።
ዙለይካ አባ ፎጊ ናት፤ ሃምሳ ስድስት ነው ዓመቷ፣
ዝንጅብል ትቸረችራለች፣ አዌቱ ዳር ነው ቤቷ።

ፈተናው ከፋርማሲው ነው፤ ለልጅ ልጇ የሳል መድኃኒት
ገዝታ፣ ጽሑፉን አንብባ፣ ልትነግረኝ መጠን፣ ሰዓት።
«ዝም በል» ይላል መመሪያው፤ «አታግዝ፣ አትጠቁም በዓይንህ»፣
ግን ማን ይችላል ዝም ማለት፣ ጣት ሲንቀጠቀጥ ከፊትህ?

«ሻ... ይ፣» አለች። «ማን... ኪያ።» ከኋላ ሰልፉ ረዘመ፣
አንድ ባለ ባጃጅ ሰዓቱን እያየ አጉረመረመ፤
እሷ እቴ! ጣቷን አስኬደች፣ ዝንጅብል እንደምትለቅም፣
አንዷን ፊደል ሳትመዝን ወደ ሌላዋ አታልፍም።

ድንገት ቀና አለች፤ ጠርሙሱን ለሻጩ መልሳ፣
«ከአምስት ዓመት በላይ ይላል፤ የኔዋ ሁለት መች ደርሳ?»

ሻጩ አየው። አንገቱን ደፋ። ሌላ አወረደ ከላይ።
እኔ ቅጹን አገላበጥኩ፣ ለዚህ የሚሆን ቦታ ባይ፤
ያለው «አነበበች»፣ «አላነበበችም» ብቻ ነው።

«ፈርሚ» ብላት፣ የጣት ቀለሙን ገፍታ እስክሪብቶዬን ወሰደች፤
«ዙለካ» ብላ ጻፈች። ዝናብ ሲጀምር፣
ጠርሙሱን በጉያዋ ሸሽጋ ሄደች።

እኔ ከፋርማሲው ደጃፍ ቆሜያለሁ፤
ስለ አንዲት «ይ» ነጥብ ልቀንስ፣
ወይስ ልተወው?