ደህና ወረቀት

ሙርጋብ ላይ ውሃ እንዲፈላ አይለመንም፤
አየሩ ስስ ነው፣ እሳቱ ብዙ አይደክምም።
ለሻይ ቢበጅም ለሞተር አይበጅም፤
ዳገቱ መሀል ነው ጉድ የሚፈላው ሁልጊዜም።

የኛ ላንድክሩዘር ከኔ ሁለት ዓመት ይበልጣል፤
ናፍጣውን ጠጥቶ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል።
ሰሞኑን ግን በቆመበት ሁሉ
በረዶው ላይ አረንጓዴ ጠብታ ትቶ ይሄዳል።

«ፓምፑ ጤነኛ ነው» አለ አባቴ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣
«ጓርኒሲዮኑ ነው። ፍታው።»
እጆቹ ብብቱ ውስጥ ናቸው።
ካለፈው ክረምት ወዲህ ይንቀጠቀጣሉ፤
ሻይ ሲይዙ ያፈሳሉ፣ ብሎን ሲይዙ ይጥላሉ።
አፉ ግን አሁንም መካኒክ ነው።

ራዲያተሩን እናቴ ልብስ በምታጥብበት ሳፋ ገለበጥኩት
(አይታ እንዳላየች አለፈች)፤
ማራገቢያውን ፈታሁ፣ ቺንጋውን አወለቅሁ፣
ብሎኖቹን እንደየቦታቸው ካርቶን ላይ ሰካኋቸው።
«ረጅሙ በግራ! እንዳይምታታብህ!»
ሰባተኛው ዝጎ እምቢ አለኝ።
«አትታገለው። ናፍጣ ቀባውና ዞር በልለት፤
ብሎንም ቂም ይይዛል።»
ዞር አልኩለት። መርዙ ይጣፍጣልና
ውሻችንን ከሳፋው አባረርኩ።
ስመለስ ያለ ጠብ ወጣ።

አሮጌው ወረቀት ግማሹ ፓምፑ ላይ፣ ግማሹ ሞተሩ ላይ ቀርቷል።
በምላጭ ስፍቀው ከሥሩ፣ ብረቱ ላይ፣
ፊደል አየሁ፤
ተገልብጦ የታተመ፣ ቀዩ ቀለም ወደ ዝገት ያደላ።
የተሰበረውን የጎን መስተዋት አምጥቼ ደገንኩበት፤
መስተዋቱ አቃናው፦
«ምስጉን ተማሪ ኩባ—»
የስሜ ቀሪ ፊደል የብሎን ቀዳዳ ነበር።

አምስተኛ ክፍል። አንደኛ ወጥቼ የተሸለምኩት።
ሳምንት ሙሉ አልቅሼበታለሁ፤
ምንጣፍ ገልብጠናል፣ ሳጥን በርብረናል፤
እሱም አብሮን ፈልጓል፣ ፍራሽ አንስቷል፣
«ፍየሏ በልታው ይሆናል» ብሎም ነበር፤
ፍየሏ ለዚያ ወንጀል ተመታለች።

ቀና ብዬ አየሁት።
ተራራ ያይ ነበር፤
ዕድሜውን ሙሉ ያየውን ተራራ፣ እንደ እንግዳ።
ቆይቶ፣ «መንገዱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር» አለ፤
«ዱቄት አልቆብን።»
ደግሞ ቆይቶ፣
«ደህና ወረቀት ነበር።»

ሃያ ሁለት ክረምት።
ምንም አላልኩትም። ስሜን ፋቅሁት፤
ብረቱ መጽዳት አለበት።

አዲሱ ከኦሽ እስኪመጣ ሳምንት ነው።
አባቴ እጁን ከብብቱ አወጣ፤
የደረት ኪሱን ሲስት፣ ሲያገኝ፣ እንደገና ሲስት ቆይቶ
የሐኪሙን ካርድ ዘረጋልኝ፤
ሰማያዊ፣ ወፍራም፣
ውስጡ «መኪና እንዳይነዳ» የሚል፣ ማኅተም ያለበት።
«ይኸም ደህና ወረቀት ነው።»

ፓምፑ አፍ ላይ ዘርግቼ ዳር ዳሩን በመዶሻ ስቀጠቅጠው
ብረቱ ራሱ ልኩን ቆረጠ።
ግራሶ ቀባሁት፤ ብሎኖቹን ፊትና ኋላ እያፈራረቅሁ አሰርኩ።
«ቀስ! ጉልበት አያሽግም፣ ልክ ነው የሚያሽገው!»

ሲነሳ ጥቁር ጭስ አስሎ ተረጋጋ።
አባቴ ጎንበስ ብሎ መዳፉን ከፓምፑ ሥር አኖረ።
ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ እጁም ይንቀጠቀጣል፤
የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም።
አውጥቶ አሳየኝ። ደረቅ ነው።

ከዚያ የሾፌሩን በር ከፈተ።
ቆመ።
የከለከለው ወረቀት ሞተሩ ውስጥ ነው፤
አፉ በዘጠኝ ብሎን ተዘግቷል፣ የሚመሰክር የለም።
በሩን እንደተከፈተ ትቶ በኮፋኖው ፊት ዞረ፣
በዚያኛው ወገን ገባና ቀበቶውን ፍለጋ ያዘ።
«ማርሹን» አለኝ፣
«እንዳታንኳኳው።»