የዘበኛው ካባ

ሂርማታ፣ ቆርቆሮው በሐምሌ ዝናብ ሲደበደብ፣
ረውዳ ገባች ወደ ሱቄ፣ ላፕቶፗ በፌስታል፣ ሻርቧ ውሃ ሲያንጠበጥብ።
«ትናንት አድሺኝ አለኝ፣ አደስኩት፤
ዛሬ ብከፍተው ጥቁር ነው፤ አንድ ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ሲል አየሁት።»

ምክንያቱን ሳልነካው አወቅኩ፤
አምና እኔው ነኝ ያን ጌጥ በሃምሳ ብር የጫንኩ፤
የመነሻውን ገጽ የሚቀባ፣
ጅሬንን ከኋላ ዘርግቶ፣ የስርዓቱን ስም ፍቆ፣
«የረውዳ ቤት» የሚል፣ በነጋ በጠባ።

ዘበኛውን ካባ አለበስነው፤
ቁልፉን ግን ከኪሱ አውጥተን ከማያውቀው ገበር ሰፋነው።
አዲሱ ትእዛዝ ሲደርሰው ቢዳብስ፣ ቢዳብስ አጣ፤
«ማነሽ?» አላት የቤቱን እመቤት፣ ከገዛ ደጇ ስትመጣ።

ማታ እኛ ስርዓቱን የምናሰናዳ ጥቂቶች ድምፅ እንስጥ ተባባልን፤
ይህ ማስጌጫ ከማከማቻው ይውጣ፣ ወይስ ይቆይልን?
ጣሃ፣ «ይውጣ! በየሳምንቱ የምጠግነው የእሱን ስብራት ነው፤
እሱን ማንም አይወቅስም፣ የሚሰደበው የኛ ስም ነው።»
ከድር፣ «ሰው የገዛ ደጁን ቀለም ቢቀባ ምን አለበት?
ማስጠንቀቂያ ለጥፉበት።»

ማስጠንቀቂያው አምናም ነበር።
ማን አነበበው?
እኔስ?

«ይውጣ» አልኩ።
ከዚያ እስኪነጋ ጥቁሩ ገጽ ፊት ተቀመጥኩ፤
መስመር በመስመር፣ በእጄ፣ የዘበኛውን ኪስ ሳልነካ፣ ጅሬንን መለስኩ።
ጠዋት ረውዳ «ስንት ነው?» ብላ ቦርሳዋን ስትከፍት፣
የአምናውን ሃምሳ ብር ሰጠኋት።