ስትጠራ የምትወድቅ ፊደል

ኔሙናስ ወንዝ ደክሞት ባሕር ሊገባ ሲዳዳ
ሩስኔ የምትባል ደሴት አለች፣
ጎርፍ በየመጋቢቱ፣ ሳይጠሩት፣ የሚያድርባት እንግዳ።

በዚያ አገር የወንድ ስም ያለ «ስ» አይዘጋም፤
መዝገብ ቤት አይገባም፣ ምላስ ላይ አይረጋም።
እኛ ከሩቅ ተውሰን ጴጥሮስ፣ ማርቆስ ያልንባት
ለነሱ የቤት አዝራር ናት፤ ከስም አንገት የሰፏት።

ለሽማግሌው ለዩሊዩስ ግን «ስ» ብቻዋን አትበቃም፤
«ዩስ» ካላለ ስም አይደለም፣ ክርክርም አይሻም።
«አያቴ ቪሊዩስ፣
አባቴ ኮርኔሊዩስ፣
እኔ ዩሊዩስ፣ ልጄ ሳውሊዩስ፤
የልጄ ልጅ ዳሪዩስ ይሁን፣ ካልሆነም ማሪዩስ።
ቀጥ ብሎ የመጣ ፈር በኛ ቤት አይጣመም» አለ።
ሲቆጥር ግን አንድ ስም ዘለለ።

ሚግሌ በስምንት ወሯ፣ ሳትመልስ ዓሣ ትፍቃለች፤
ጣት የምታህል የበረዶ ዓሣ፣ ሽታዋ ኪያር። ታውቃለች፤
ሁሉም ያውቃል። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፦
ይህችኑ ዓሣ የሞላ ባልዲ በረዶው ላይ ተገኝቶ
ባለ ባልዲው ቀረ፣ በስንጥቁ ገብቶ።
አውድሪዩስ፤ የሳውሊዩስ ታናሽ።
ታላቁን በፀሐይ ሰይመው፣ ታናሹን በማዕበል፣
ጫማቸውን ባንድ ምድጃ ዳር ሲያደርቁ፣ ማን ምን ይበል?

«ስም በወረቀት አይመረጥም» አለች ሚግሌ ቢላዋን ጥላ፤
«ሲመሽ ከደጅ የሚጠራ ነው፣ ና ግባ ተብሎ ራት ሊበላ።
ና እንውጣ፣ እንጥራው።»

ከጎርፍ መከላከያው ግድብ ላይ ባልና ሚስት ቆመው
ስሙን ሁሉ ለሸንበቆው ጮኹለት፣ በየተራ አጣጥመው።

በዚያ ቋንቋ ግን ሕግ አለ፤ ልብ ያላለው አይሰማም፦
ሰው ሲጠራ «ስ» ትወድቃለች፤
ካፖርት እንደ ተቆለፈ እቅፍ አይስማማም።
«ስ» የወሬ ናት፣ የመዝገብ፣ የመቃብር ድንጋይ፤
ሰው ሰውን ፈልጎ ሲጮህ ከቶ የማትታይ።

«ዳሪያው!» አለች።
ዳክዬዎች ተነሡ።
«ማሪያው!» አለች።
የጎረቤት ውሻ ጅራቱን እየቆላ መጣ፤
የሱ ስም መስሎት ይሆናል። ሳቀች።
«ቪሊያው!»
ሳውሊዩስ አልሳቀም።
ያው።
«ዩስ» ያለው ስም ሁሉ ሲጠሩት መጨረሻው ያው።
ያው ጨለማ፣ ያው የባትሪ መብራት፣ ያው ስንጥቅ፣
ያው «አውድሪያው!» እያለ ያን ሌሊት ድምፁ እስኪዘጋ የጮኸው።
(በኔ ጆሮ ነው ይህ። እነሱ ያው ማለትን አያውቁም።
የሚያውቁትን ግን ያውቃሉ።)

ብዙ ቆይታ፣ ቀስ ብላ፣ «ሊናይ!» አለች።
ሊናስ ሲጠራ ነው፤ ተልባ ማለት፤ እኛም የምናውቀው፣
ሰማያዊ አበባ ያለው፣
ከዘሩ ዘይት፣ ከግንዱ ሸሚዝ የሚወጣው።
ድምፁ ሄደ፣ ውሃው ላይ ሄደ፣
ምንም ይዞ አልተመለሰም።
«እስቲ ድገሚው» አለ ሳውሊዩስ።

ልጁ የመጣው ጎርፉ መንገዱን በዘጋ ሳምንት ነው፤
ሚግሌን ሆስፒታል ያደረሳት ትራክተር ነው፣
ውሃው እስከ ጎማው ወገብ።
ሽማግሌው «ዩስ» ጠፋች ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈ፤
ሾርባም አልቀመሰ።

በኔ ቋንቋ «ስ» ጥያቄ ናት፤ እኔስ? እሱስ? የምንልባት፤
ያን የቤተሰብ መዝገብ ባነበው ሁሉም ስም መልስ የቀረበት፦
ዩሊዩስ?
ሳውሊዩስ?
አውድሪዩስ?

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ኮፍያውን ይዞ ገባ፤
ከአልጋው ጎን ቆመ፣ የልጁን ጆሮ አየ፤
የማን ጆሮ እንደሆነ አልተናገረም።
ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ ወደ ውሃው፣
አሥራ አንድ ዓመት ያልጠራውን ሊጠራ አፉን ከፈተ።
ልጁ ቀደመው፤ አለቀሰ።
«መጣሁ» አለ ሽማግሌው፣ «መጣሁ፣ ሊናይ።»