ገዢ የሌለበት ሰኞ

አባቴ አስተርጓሚ ነበር፤
ይህን እኔው ልቅደም፣ ሌላ ሰው ሳይናገር።
ካኪ ኮት፣ ጥቁር ጫማ፣ ሁለት ምላስ ባንድ አፍ፣
አንዱ ለወር ደሞዝ፣ አንዱ ለቤት ደጃፍ።
ሸዋ በር ላይ ሲያልፍ፣ እጁን ይዤ፣ ሕፃን፣
ሰው ሁሉ ጦሳን ያይ ነበር፣ ላለማየት እኛን፤
ተራራው ትናንት ማታ ድንገት የበቀለ ይመስል።
አባቴ ኮፍያውን ነክቶ ያልፋል፣ ምንም ሳይል።

አዋጁ እሑድ ወጣ፣ ጥሩምባ ተነፍቶ፤
አባቴ አነበበው በርሜል ላይ ወጥቶ፦
«ከነገ ጀምሮ ጠገራ ብር ቀርቷል፤
በወረቀቱ ሊሬ ይሸጣል ይገዛል።
እህሉን የደበቀ፣ ብሩን የቀበረ
በገመድ ይቀጣል።» ድምፁ ግን ሻከረ።

ሌሊቱን ማን ለማን ምን እንዳለ አላውቅም፤
ብቻ እሳት ልትጭር የወጣች ጎረቤት ስትመለስ እሳት አልያዘችም።
ከፈጅር ሶላት የወጣ፣ ከማሕሌት የወጣ፣
ስለ ዝናብ ያወራል፤ ዝናብ ግን አልመጣ።

ሰኞ ሲነጋ የደሴ ገበያ ጢም አለ፤
ጤፍ ከኩታበር፣ ማሽላ ከሐርቡ፣ ሎሚ ከሐይቅ ዋለ፤
እግሯ የታሰረ ዶሮ፣ ገለባ ላይ የተኛ እንቁላል፣
የበርበሬው ክምር ዓይን ያቃጥላል።
ሁሉም አለ። የጠፋው የገበያው ሁካታ፤
አንዲት አህያ ታናፋለች፣ እሷንም ዝም የሚያሰኝ ጠፋ ጌታ።

ካፒቴኑ መጣ፣ ለጦሩ ስንቅ ሊገዛ፣
አዲስ ሊሬ በሳጥን፣ ቀለሙ ገና የሚያወዛ።
«ስንት ነው በለው» ይላል፤ አባቴ ይጠይቃል፤
ባለ ጤፉ ቀና ብሎ፦ «ተሽጧል።»
ባለ ዶሮዋ፦ «ተሽጧል።» ባለ በርበሬው፦ «ተሽጧል።»
«ለማን?» «ይመጣል፣ ባለቤቱ ይመጣል።»
ሁለት ሎሚ የያዘ ልጅ፣ በቁመት የማይበልጠኝ፣
«ተሽጧል» ብሎ፣ እኔን አየና ሎሚውን ደበቀኝ።

ጨው ሻጯ ጦይባ፣ የገራዶዋ መበለት፣
አሞሌዋን ደርድራ፣ ሻሿን አልብሳበት፣
የተዘረጋላትን ወረቀት በጣቷ እንኳ ሳትነካው፣
አባቴን አየችው እንጂ ካፒቴኑን አላየችው፦
«ንገረው፣ ያሲን። አንገዛም።»

አባቴ ቆመ።
አሰብ ወደብ፣ ጆንያ ሲሸከም፣ በለቀመው በነሱ አነጋገር
መግዛት ሁለት ቃል ነው፤ አንዱ ሚዛን ላይ፣ አንዱ ዙፋን ላይ የሚነገር።
የኛው ግን አንድ ነው፤ ላልቶ ቢነበብ ገበያ፣ ጠብቆ ቢነበብ አገር።

«ምን አለች?»
አባቴ ኮፍያውን አወለቀ፣ ጦሳን ቀና ብሎ አየ፤
ሁለቱንም ቃል ተናገረ፦ መጀመሪያ ቀላሉን። ቆየ።
ከዚያ ከባዱን።

ጥፊው እስከ ጥግ ተሰማ። የሮጠ የለም፣ ድንጋይ ያነሣ የለም፤
የቆመው ሁሉ ተቀመጠ። እንዲያ ያለ መቀመጥ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።
ሸማኔው፣ ደላላው፣ ሣር የተሸከመችው ኮረዳ፣
ከመስጊዱ በር የማይነሣው ለማኝ፣ እሱም መሐል ሜዳ።
የጭነት መኪናው ነጂ፣ የነሱው ቅጥረኛ፣
ወርዶ ጎማው ሥር ቁጢጥ አለ፣ ልክ እንደ እኛ።
ባንዶች ጆንያ ሊወስዱ ጎንበስ አሉ፤ ጆንያ ግን አሸካሚ ይሻል፤
ዙሪያውን ቢያዩ፣ ሰው ሁሉ እጁን ጉልበቱ ላይ አኑሯል።

ሲመሽ ሁሉም ያመጣውን ይዞ ተመለሰ፤
ጤፉ ኩታበር ገባ፣ ሎሚው ሐይቅ ደረሰ።
አርባ ሦስት ሰው ታሰረ። አባቴ አርባ አራተኛ።
ጦይባን በጭነት መኪና ወደ ኮምቦልቻ አወረዷት፤
ሐረጎን ስትወርድ ያያት አለ።
ስትመለስ ያያት የለም።

አባቴ በጥቅምት ወጣ፣ ጫማ የለው፣ ካኪ የለው፤
ሸዋ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ «እንዴት ዋልክ» አለው።
ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው መልስ አጣ፤
እጄን ጠበቅ አድርጎ ያዘ፣ ወደ ቤት መጣ።

ካረጀ በኋላ ጠየቅሁት፦ «ለምን ሁለቱንም አልክ?»
«ጀግንነት አይምሰልሽ» አለኝ፣
«ልቤ ይመታ ነበር፤ አልሰማኋትም በደንብ፤
ላልቶ ይሁን ጠብቆ አልለየሁም።»

እኔ ግን ከኮቱ ጀርባ ሆኜ ሰምቻታለሁ።
ጠብቆ ነበር።