የዜልማ ጃስሚን

ከቬንታ ወንዝ ማዶ፣ ኩልዲጋ ዳርቻ፣
ሌሊት እንግዳ ነው፤ ሰኔ የቀን ብቻ።
ከምሽቱ አራት ሰዓት ፀሐይ እንደቆመች
ብስክሌቴ አጥር ሥር ሰንሰለቷን ጣለች።
እጄን ዘይት ውጦት ስታገል ከጥርሱ
ታሊቫልዲስ መጡ፤ ከአጥሩ በር ደረሱ።
«የችግኝ ጣቢያዋ፣ አንቺ አይደለሽ?» አሉኝ፤
መልስም አልጠበቁ፣ በሩን ከፈቱልኝ።

«ቤቱን ሸጬዋለሁ። አዲሱ ባለቤት
‹ምንድን ነው ይሄ ተክል፣ የቆመው ከመስኮት?
ስሙን ይጻፉልኝ› ብሎ አስቸግሮኛል።
ዜልማ ጃስሚን ብላው፣ ጃስሚን ሲባል ኖሯል።
አንቺ ግን የተማርሽ፣ እይው እስኪ በዓይንሽ፤
እኔ ስሙን እንጂ ዘሩን አላውቅልሽ።»

ቁጥቋጦው ትልቅ ነው፣ ከሰው ቁመት አልፎ፤
በበረዶው ወራት ቅጠሉን አራግፎ
ጭራሮ መስሎ ከርሞ፣
ዛሬ በነጭ አበባ ከወገቡ ታጥፎ።

ቆጠርኩ።
እዚህ አገር «ጃስሚን» ብለው የሚጠሩት፣
(እሱም በስም ብቻ፤ የጃስሚን ዘር የለበት)
የአበባው ቅጠል አራት፣ መስቀል ነው ሲከፈት።
ይሄኛው ግን አምስት።
ሌላ አበባ ያዝኩ። አምስት። ሦስተኛ። አምስት።

ቅጠሉን ዳበስኩት፤ እንደ ድመት ምላስ
ጣቴን ፋቅ አረገው፣ ወደ ታች ስዳስስ።
ማጉያ መነጽሬን ከኪሴ አወጣሁ፤
ጠጉሩ ሁሉ ኮከብ፣ ጨረር ጨረር አየሁ።
ቀጥሎ ቀንበጥ ነው። «ልቁረጥ?» «ቁረጪ» አሉ።
ጃስሚን ቢሆን ኖሮ
ጥጥ የመሰለ ነጭ በሞላ መሃሉ።
ይሄ ግን እንደ መቃ። ዓይኔ ላይ ደገንኩት፤
በወዲያኛው ጫፉ ሰማዩን አየሁት።

«አይ፣ ጃስሚን አይደለም። ዴይትሲያ ይባላል፤
የቅርብ ዘመዱ ነው፣ ብዙ ሰው ያሳስታል።
ደግሞም ቢያሸትቱት...» ብዬ ሳልጨርሰው
«ሽታ የለው» አሉኝ፣ ከአፌ ላይ ቀምተው።

«ሠላሳ ሦስት ዓመት እኔ ነኝ ያሸተትኩት።

ዜልማን በወጣትነት፣ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ፣
በርሜል ስታማስል፣ የአሲዱ እንፋሎት
አፍንጫዋን ገድሎት፣
ዓሣ ቢገማ አታውቅ፣ ዳቦ ቢያር አይሸታት።
እና ገበያ ላይ አንዲት ሻጭ አታልላት
ጭራሮ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠቻት፤
‹ጃስሚን ነው፣ ሲያብብ ሰፈር ያውዳል› አለቻት።

በሦስተኛው ሰኔ አንድ እፍኝ አበበ።
ጎትታ ወሰደችኝ። ‹አሽትት፣ ንገረኝ› አለች።
አጎነበስኩ። ምንም።
እርጥብ አፈር እንጂ ሌላ ነገር የለም።
ቀና ስል፣ ዓይኖቿ አፌ ላይ ናቸው፤ ምን ልበል?
‹ማር› አልኳት። ‹ማር ሆኖ፣ ትንሽ ሎሚ ጠብ ሲል።›

ውሸትም ተክል ነው፣ ካልኮተኮቱት ይደርቃል፤
በየሰኔው አዲስ ሽታ አምጣ ይላል።
አንዴ ትኩስ ወተት፣ አንዴ የተላገ ጥድ፣
አንዴ ዝናብ ያገኘው የጠጠር መንገድ።
አንዴ የአራስ ልጅ አንገት።
ልጅ አልነበረንም።
ያን ቀን እዚያው ቆየች፣ ሳትገባ ቤት።

ባለፈው ግንቦት ግን፣ ከአልጋዋ ሳትነሣ
እንቡጡን በመስኮት አየችና ሳቀች፤
‹ዘንድሮስ ምን ልትለኝ አስበሃል?› አለች።
ታውቅ ነበር? እንጃ።
ሳያብብ ሞተች።»

ወረቀት አወጣሁ። «ዴይትሲያ» ብዬ ጻፍኩ።
መነጽር ፈልገው እስኪያገኙ ጠበቅኩ፤
ብዕሬን ተቀብለው፣ ከሥሩ ጨመሩበት፦
«የቤት ስሙ፣ ጃስሚን።»
አጥፈው ኪስ ከተቱት።

ሰንሰለቱን መልሼ ድልድዩ ላይ ስደርስ
የቆረጥኩት ቀንበጥ ተገኘ፣ ኪሴን ስዳብስ።
ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ፤ ማንም አላየኝ።
የብስክሌት ዘይት ሸተተኝ።